ንፍሮ የት ቶሎ ይበስላል?

ደሴ ላይ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ፊዚክስ ሳስተምር ለረጅም ጊዜ የሸወደችኝ «ገባችሁ?» የምትል ጥያቄ ናት። 62 ተማሪ በአንድ ድምፅ «አዎ ቲቸር!» ይላል፣ እኔም ሰሌዳውን ጠርጌ እቀጥላለሁ። ጉዱ የሚወጣው የሚድ ፈተና ሳርም ነው።

የሐርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር የሚታወቅበት ዘዴ አለ። ጥያቄ ይቀርባል፣ ተማሪው ብቻውን አስቦ መልስ ይመርጣል፣ ከጎኑ ካለው ጋር ይከራከራል፣ ከዚያ እንደገና ይመርጣል። መምረጫ መሣሪያ ስለሌለን በጣት አደረግነው፤ ጣት ደረት ላይ ተለጥፎ፣ ለጎረቤት ሳይታይ።

የመጀመሪያው ቀን ከሸፈ። ከመጽሐፍ የገለበጥኩት ጥያቄ ሊፍት ውስጥ ስለቆመ ሰው ነበር፣ ክፍሉ ውስጥ ሊፍት የተሳፈረው ስንቱ ነው? በሚቀጥለው ሳምንት ጥያቄውን ወደ ጓዳ አወረድኩት፦ የባቄላ ንፍሮ ደሴ ነው ወይስ ኮምቦልቻ ቶሎ የሚበስለው?

አብዛኛው ጣት ደሴ አለ። ደሴ ላይ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል ብዬ አስተምሬያቸዋለሁና፣ ቶሎ ከፈላ ቶሎ ያበስላል ብለው ነው። «የተለየ ጣት ያወጣ ፈልጉና ተከራከሩ» ስል ክፍሉ የሰኞ ገበያ መሰለ። ከኋላ ወንበር ድምፅዋን ሰምቼው የማላውቅ የኮምቦልቻ ልጅ «ታዲያ እናቴ አክስቴ ቤት ደሴ ስትመጣ ባቄላው አልበስል አለ እያለች ለምን ታማርራለች?» አለች። ሁለተኛው ምርጫ ተገለበጠ። እኔ የጨመርኩት ቁጥሩን ብቻ ነው፦ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ደሴ የአየር ግፊቷ ስለሚያንስ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ዝቅ ብላ ባለችው ኮምቦልቻ 94 አካባቢ። ከፈላ በኋላ እንጨት ቢጨመርበት ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም።

ክርክሩን በፈለጉት ቋንቋ ፈቀድኩ፤ በአማርኛ፣ ከከሚሴ በኩል የመጡት በኦሮምኛ። በእንግሊዝኛ ካልሆነ ስል ነበር ዝም የሚሉት። ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ግን በመጨረሻ ምክንያቱን በሁለት ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ይጽፋሉ።

ከዚያ አበላሸሁት። ለጣት ምርጫው 10 ማርክ ሰጠሁ። በሳምንቱ ሁሉም ዓይን ጎበዙ ልጅ ደረት ላይ ተተከለ፣ ጣቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነ፣ ክርክሩም ሞተ። ማርኩን አነሳሁ። መሳሳት ማርክ እስካስቀነሰ ድረስ ማንም የራሱን ጣት አያወጣም።

ማርኩን ወደ ግሩፕ አሳይመንት አዞርኩት። እዚያም አንዱ ይሠራል፣ አራቱ ስም ያስጽፋሉ። በዕጣ አንዱን ጠርቼ የእሱን ውጤት ለሁሉም ስሰጥ አንዲት ጎበዝ ተማሪ በሌላ ሰው ስንፍና ተቀጣች፤ አልቅሳ ቢሮዬ መጣች፣ እውነቷን ነበር። አሁን ግማሹ ለወረቀቱ፣ ግማሹ እያንዳንዱ ለብቻው ለሚመልሰው ነው። በነፍስ ወከፍ ሦስት ደቂቃ ቢሆን እንኳ ከሦስት ሰዓት በላይ ይበላል፣ ቅዳሜዬም በዚህ ሄደች።

ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሲል ደግሞ ስም የሌለው ቁራጭ ወረቀት እሰበስባለሁ፤ ያልገባችሁን አንድ ነገር ጻፉ ብዬ። መጀመሪያ ሰሞን ግማሹ ባዶ ይመጣ ነበር። አንዱ ላይ ግን እንዲህ ተጽፎ አገኘሁ፦ «ቲቸር አብሽር፣ ፊዚክሱ ገብቶናል። ከኋላ የማይታየን ቢጫው ጠመኔ ነው።»

በዚያ ጠመኔ ወር ተኩል ጽፌያለሁ።