ጣሪያችን ላይ የቀረው ቢራ

ኮሎራዶ ውስጥ ቢራ በቤት መጥመቅ ወንጀል አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ባለቤቴ ታሪኩን ለዘመድ ሁሉ ስታወራ የፖሊስ ጉዳይ ስለምታስመስለው ነው። ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር እ.ኤ.አ. በ1978 በፈረሙት ሕግ አንድ አዋቂ ሰው በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂዎች ያሉበት ቤት ደግሞ 200 ጋሎን ለራሱ መጠጫ ያለ ቀረጥ መጥመቅ ይችላል። ሕጉ ከደብረ ማርቆስ ለጥየቃ ስለሚመጡ አማቶች የሚለው ነገር ግን የለም።

ጀርመኖች የስንዴ ቢራ የሚሉት ቢያንስ ግማሹ የስንዴ ብቅል፣ ቀሪው የገብስ ብቅል የሆነውን ነው። ደኅና ቢራ ነው፤ ችግሩ ሁሉም ሰው ይጠምቀዋል። እኔን ያማረኝ ሌላ ነገር ነበር። ራይ የሚባለውን የፈረንጅ እህል፣ ቡና እስኪመስል የተቆላ ስንዴና ትንሽ ጤፍ ልጨምርበት ወሰንኩ። እ.ኤ.አ. በ1516 የወጣው የጀርመኗ ባቫሪያ ደንብ ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕ (እንደ ጌሾ ቢራውን ከሚያመርረው የፈረንጅ ተክል) እና ከውሃ ብቻ ይሁን ይላል። መሳፍንቱ ግን ቆይተው የስንዴ ቢራ የመጥመቁን መብት ለራሳቸው ጠቅልለው ወሰዱት። እነርሱ በገዛ ደንባቸው ላይ ስንዴ ከጨመሩ እኔ ጤፍ ብጨምር ማን ይከሰኛል?

የጠመቃ ዕቃ የሚሸጠው ሰውዬ ዝርዝሬን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ገብስ ብቅል ሆኖም ቅርፊቱን እንደለበሰ ነው፤ ያ ቅርፊት ድፍድፉ ውስጥ እንደ ወንፊት ሆኖ ፈሳሹን ያሳልፋል። ስንዴና ራይ ግን ቅርፊታቸውን አውድማ ላይ ጥለው የሚመጡ ናቸው፤ ራይ ደግሞ በዚያ ላይ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ስለዚህ ለክፍተት ያህል የሩዝ ገለባ እንድገዛ መከረኝ። እኔ ግን ገለባ በገንዘብ ልገዛ አሜሪካ ድረስ አልመጣሁም።

ጤፉ ወፍጮዬን አሸነፈው። ክፍተቱ ለገብስ የተለካ ስለሆነ ፍሬው አንድም ሳይነካው ከላይ ገብቶ ከታች ወጣ። ስለዚህ ባለቤቴ ለእንጀራ ካስቀመጠችው ዱቄት ጥቂት ወሰድኩ። መጠኑን እዚህ አልጽፍም፤ ታነበዋለች።

ሁሉንም በ67 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውሃ ለውሼ፣ ብቅሉ ስታርቹን ወደ ስኳር እስኪለውጥ አንድ ሰዓት ጠብቄ የበርሜሉን ቧንቧ ከፈትኩ። አንዲት ጠብታ ወጣች። ሁለተኛዋ አፏ ላይ ተንጠልጥላ ሐሳቧን ቀየረች። በቱቦው ነፋሁበት፤ ውስጡ አንድ ጊዜ አጉረመረመና ዝም አለ።

አማቴ ይህን ጊዜ ከሳሎን መጡ። በርሜሉን ጎንበስ ብለው አዩና ፊታቸው በራ።

«ገንፎ ነው እንዴ? ታዲያ ቅቤውን አውጪልኝ ብትለኝ ምን ነበረበት?»

ቅባት የቢራ አረፋን ድምጥማጡን ያጠፋል። በማቀዝቀዣውና በበርሜሉ መካከል እጄን ዘርግቼ ቆምኩና ቢራ መሆኑን አስረዳኋቸው። እማማ ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ዕድሜ ልካቸውን ጠላ የጠመቁ ሴት ናቸው፤ ለአማች የሚገባውን አክብሮት ለመጠበቅ ሲታገሉ በግልጽ ይታይ ነበር። በመጨረሻ «ጨርቅ አምጣ» አሉ። የቀረበው ጨርቅ የሠርጋችን ስጦታ የሆነው፣ ጥልፍ ያለው የትራስ ልብስ ነበር። እርሳቸው አፉን ይዘው፣ እኔ በወጥ ጭልፋ እየጨለፍኩ፣ ያንን የሚያቃጥል ነገር ጨምቀን ጨምቀን ቡናማ ፈሳሽ አወጣን። ቀመሱትና ጣፋጭ ነው አሉ። ቀጥለው ጌሾው የት እንዳለ ጠየቁ። ተፈጭቶ በትንንሽ እንክብል የተጠፈጠፈውን ሆፕ አሳየኋቸው።

«ይህማ የበግ መኖ ነው።»

ከተፈላና ከቀዘቀዘ በኋላ ፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ ገልብጬ፣ የባቫሪያ እርሾ ጨምሬበት፣ ክዳኑ ላይ ጋዝ ማስወጫዋን ሰክቼ ሳሎን ጥግ አስቀመጥኩት። ይህ እርሾ ሲሠራ የሙዝና የቅርንፉድ ሽታ ያወጣል፤ የስንዴ ቢራ ወዳጆች ገንዘብ የሚከፍሉት ለዚያ ነው። እማማ ግን በማግስቱ የወጥ ቤቱን ቁም ሣጥን በሙሉ አውጥተው የበሰበሰውን ሙዝ ሲፈልጉ ዋሉ።

ችግሩ ጋዝ ማስወጫዋ ናት። ሌሊቱን ሙሉ ብልቅ፣ ብልቅ ትላለች፤ እማማ የሚተኙት ደግሞ ሳሎን ነው። ለማንም ሳይናገሩ ተነሥተው፣ ከእንጀራው ሊጥ ላይ ዱቄት ጨምረው አጠንክረው፣ ማስወጫዋንም የክዳኑን ዙሪያም አሳምረው መረጉት።

የስንዴ ቢራ አረፋው ብዙ ነው፤ ግፊቱም አይናቅም። ከንጋቱ በፊት ቤቱ በፍንዳታ ተናወጠ። ስንሮጥ ስንወጣ ክዳኑ መብራቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ጣሪያው ቡናማ ሆኖ ከላይ አረፋ ይንጠባጠባል። እማማ ነጠላቸውን ተከናንበው «በስመ አብ» እያሉ ግድግዳውን ተደግፈዋል። ባለቤቴ እኔን አየች። ለምን ሁልጊዜ እኔን እንደምታይ አላውቅም።

«እማማ፣ አፉን ማን መረገው?»

«የኔ ጌታ፣ ጋን ሳይመረግ ያድራል?»

ጋን ሸክላ ስለሆነ እንደሚተነፍስ፣ ይህ ግን ፕላስቲክ መሆኑን ነገርኳቸው። የማይተነፍስ ዕቃ ውስጥ የሚበላ የሚጠጣ ነገር ማስቀመጤን ታዘቡኝ።

ከባልዲው ግማሹ ተርፎ ነበርና መፍላቱን ሲጨርስ ጠርሙስ ውስጥ ገባ። ጠርሙሱ ጋዝ ከያዘ በኋላ የሕንጻው ጥገና ሠራተኛ ጣሪያውን ሊያይ መጣ። ወደ ላይ አንጋጦ አሸተተና «የስንዴ ቢራ ነው?» አለኝ። ለካ እርሱም ቤቱ ይጠምቃል! የራዩን መጠን ጠየቀኝ፤ ስነግረው በአድናቆት አፏጨ። ስለ ሩዝ ገለባው ሲጠይቀኝ ወሬ ቀየርኩ። እማማ ምን እንደተባባልን ባይገባቸውም የሰው ፊት ማንበብ ያውቃሉና ጠርሙስ ከፍተው፣ እንደ ጠላ ቀጂ ወግ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ቀምሰው ቀዱለት። ጠጣ፤ ደገመ፤ ሠለሰ። ጤፉን ያገኘው መሰለኝ፤ «መጨረሻ ላይ የሚመጣው ጣዕም ምንድን ነው?» ብሎኛል። ቀለሙን ቀብቶ፣ አማቴን በሁለት እጁ ጨብጦ ተሰናበተ።

የቀለሙ ሒሳብ ከወር ኪራዩ ጋር ተደምሮ መጣ፤ አንድ ሳንቲም አልተቀነሰም። ወረቀቱን ለእማማ ተረጎምኩላቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ትንሽ አሰቡና፣

«የጠጣውን ሦስት ብርጭቆስ የት ላይ አሰቡት?» አሉኝ።