«መናፍቅ» የሚለውን ቃል ከሥሩ ስፈትሽ ያገኘሁት

ሰላም ለሁላችሁ፣ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ንባቤ የት እንደደረሰ ላካፍላችሁ። ሰሞኑን ወደፊት መሄዱን ትቼ አንድ ቃል ላይ ተቸክዬ ነው የከረምኩት፤ ኑፋቄ። በቤተ ክርስቲያን የተወገዙትን አርዮስንም ንስጥሮስንም ሳነብ ሁሉም ነገር በዚህ ቃል ዙሪያ ነው የሚሽከረከረው። ቃሉ ራሱ ከየት እንደመጣ ግን ቆም ብሎ የሚያስረዳ ብዙ አላጋጠመኝም። (ዓመቶቹን የጻፍኩት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ግሪኩ ሃይሬሲስ ነው። የወጣው መውሰድ፣ መምረጥ ከሚል ግስ ነው። ስድብ አልነበረም። አንድ ሰው የግሪክ ፈላስፎቹን የኤፊቆሮስን ወይም የኢስጦኢኮችን ትምህርት ከያዘ፣ የመረጠው መንገድ ሃይሬሲስ ይባላል፣ አለቀ። አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ጆሴፈስም በአንደኛው መቶ ዘመን ፈሪሳውያንን፣ ሰዱቃውያንንና ኤሴናውያንን በዚሁ ቃል ነው የሚጠራቸው፤ ራሱም ፈሪሳውያንን እንደተከተለ ይናገራል።

አሁን የሐዋርያት ሥራን አውጡ። ቃሉ በአዲስ ኪዳን ዘጠኝ ጊዜ ይገኛል፣ ስድስቱ እዚህ ናቸው። 5፥17 ላይ ሰዱቃውያን፣ 15፥5 ላይ ፈሪሳውያን በዚህ ቃል ሲጠሩ አማርኛው «ወገን» ብሎ ያልፋል። 24፥5 ላይ ጠርጠሉስ የሚባለው ጠበቃ ጳውሎስን በአገረ ገዢው በፊልክስ ፊት ሲከስስ ግን የናዝራውያን (የኢየሱስ ተከታዮች) ወገን ላይ «የመናፍቃን» የሚል ይጨመርበታል። ግሪኩ ያው አንድ ቃል ነው! ተርጓሚዎቹ ይህን ያደረጉት የተናጋሪውን ዓላማ አይተው ይመስለኛል፣ ልክም ናቸው። ጳውሎስም ሲመልስ፣ እነርሱ ኑፋቄ በሚሉት መንገድ የአባቶቼን አምላክ አመልካለሁ ይላል። ይህን ቦታ ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። ራሱ ጳውሎስ ደግሞ በገላትያ 5፥20 ይህንኑ ቃል ከሥጋ ሥራዎች ጋር ይቆጥረዋል። ስለዚህ ቃሉ ገና በሐዋርያት ዘመን እየከረረ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጣን ነው። የሊዮኑ ሄሬኔዎስ በ180 ገደማ በመናፍቃን ላይ አምስት መጻሕፍት ሲጽፍ መናፍቅ ማለት ከሐዋርያት የተቀበልነውን ትቶ የራሱን የመረጠ ሰው ሆኗል። በ380 ንጉሠ ነገሥት ቴዎዶስዮስ ጉዳዩን ሕግ አደረገው፤ በኒቅያ ጉባኤ የተወሰነውን እምነት የማይከተል መናፍቅ ይባላል፣ መሰብሰቢያውም ቤተ ክርስቲያን ተብሎ አይጠራም። ብዙም ሳይቆይ፣ በ385 ገደማ፣ ፕሪስኪልያን የተባለ የስፔን ኤጲስ ቆጶስ ትሪየር ላይ አንገቱ ተቀላ። የቅጣቱ ሰበብ ጥንቆላ ነው ተባለ እንጂ ከሳሾቹ በኑፋቄ ሲያሳድዱት የቆዩ ጳጳሳት ናቸው። የቱሩ ጳጳስ ማርቲን የፕሪስኪልያን ደም እንዳይፈስ ለምኖ ነበር፣ አልሰሙትም። መምረጥ ማለት የነበረ ቃል እዚህ መድረሱ እስካሁን ይከብደኛል።

ወደ ግዕዙ ስመጣ ሌላ ዓለም ነው የገባሁት። ነፈቀ ማለት ከፈለ፣ ለሁለት ገመሰ ነው። መንፈቀ ሌሊት፣ መንፈቅ ዓመት የምንለው ከዚሁ ነው። ናፈቀ ሲሆን ደግሞ ተጠራጠረ፣ ልቡ ለሁለት ተከፈለ ይሆናል። እንግዲህ ግሪኩ የሚያየው ሰውየው የመረጠውን ነው፣ ግዕዙ ግን ልቡን ነው የሚያየው። ሙስሊም ወዳጆቻችን ሙናፊቅ የሚሉት፣ በቁርኣን 63ኛው ሱራ የተሰየመበት ቃል፣ ከግዕዙ የሄደ ነው የሚሉ ብዙ የቋንቋ ተመራማሪዎች አሉ። የዐረብኛ ሊቃውንት ደግሞ የበረሃ አይጥ በአንዱ በር ገብታ በስውሩ ከምትወጣበት ጉድጓድ ስም ጋር ያያይዙታል። ሁለቱም ወገኖች የሚያሳዩን ያንኑ ሁለት ፊት ያለው ሰው ነው።

በአገራችን ታሪክ ከሁሉ የያዘኝ የቅዳሜ ሰንበት ክርክር ነው። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ቅዳሜም እንደ እሑድ ይከበር ብለው አስተማሩ፣ ከግብፅ የሚመጡት ጳጳሳት ተቃወሙ፣ እሳቸውም ተሰደው በ1352 አርመን አገር ዐረፉ። ደቀ መዛሙርታቸው ክህነት ተከልክለው፣ ተገልለው፣ ሰሜን ላይ የራሳቸውን ገዳማት አቋቁመው ኖሩ። በ1404 ዐፄ ዳዊት ሰንበታቸውን እንዲያከብሩ ፈቀዱላቸው። በ1450 ደግሞ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ጠርተው የሁለቱ ሰንበታት መከበር ለሁሉም ጸና፣ ጳጳሳቱም ተቀበሉ። መቶ ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላም! እኚሁ ንጉሥ ግን ለንጉሥ አንሰግድም ያሉትን ደቂቀ እስጢፋኖስን (የአባ እስጢፋኖስን ተከታይ መነኮሳት) ክፉኛ አሳደዱ። እኔ ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ሳነብ፣ መናፍቅ የሚል ቃል ባየሁ ቁጥር ማን፣ መቼ፣ በየትኛው ጉባኤ እንዳለው ሳልጽፍ አላልፍም ብዬ ቆርጫለሁ። ይህ ማለት ትክክልና ስሕተት የለም ማለት አይደለም፤ አርዮስ ወልድን ፍጡር ማለቱ ትልቅ ነገር ነው፣ በ325 ኒቅያ ላይ የተሰበሰቡት አባቶችም በከንቱ አልደከሙም።

የምሠራው ቀላል ነው። ደብተሬን በሦስት ዓምድ ከፍዬ ጥቅሱን፣ ግሪኩንና አማርኛውን ጎን ለጎን አሰፍራለሁ። ግሪክኛ ባትችሉም ፊደሉን ብቻ ብትለዩ ቃሉን ገጽ ላይ ታገኙታላችሁ።

ቀጥሎ የአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫን መጽሐፈ ምሥጢር ልጀምር ነው፣ በ1424 ተጽፎ ያለቀውን፤ መናፍቃንን አንድ በአንድ እየጠራ መልስ የሚሰጥ መጽሐፍ ነው። አራተኛ ዓምድ ለግዕዙ ከፍቻለሁ፣ ግን ገና ባዶ ነው። የሐዋርያት ሥራን በግዕዝ የያዘ ካለ 5፥17ን፣ 24፥5ንና 24፥14ን ፎቶ አንስታችሁ ብትልኩልኝ ደስ ይለኛል።