እንደ በቅሎ የሚራገጠውን ጠመንጃ እንዴት እንደገራሁት

የኤልክ አደን ጠመንጃዬን የመረጥኩት ስለቀለለኝ ነው። ኤልክ ከአጋዘን ወገን ቢሆንም ቁመናው ፈረስ ያክላል፤ እዚህ ኮሎራዶ ውስጥ እሱን ፍለጋ የሚወጣው ዳገት ደግሞ ትንፋሽ ያሳጥራል። አንድ ወቅት ከባድ ጠመንጃ ተውሼ ስወጣ ጉልበቴ ስለከዳኝ፣ የማነጣጠሪያ መነጽሩን ጨምሮ 3.2 ኪሎ ብቻ የሚመዝን፣ .300 ዊንችስተር ማግነም የሚባለውን ኃይለኛ ጥይት የሚጎርስ ገዛሁ። ሱቅ ውስጥ ሳነሳው እንደ አርጩሜ ቀለለኝ።

ተኩስ ሜዳ ሄጄ አራተኛውን ጥይት ስተኩስ የመነጽሩ ጠርዝ ቅንድቤን ሰነጠቀው። አባቴ አገር ቤት ምንሽር ነበረው፤ ለሰርግና ለለቅሶ ሲተኩስ ፊቱ እንኳ ሲኮሳተር አላየሁም። እኔ ግን አሜሪካ መጥቼ ደሜን በናፕኪን ስጠርግ ዋልኩ።

ነገሩ የሒሳብ ጉዳይ ነው። ጥይቱና የባሩዱ ጋዝ ወደፊት ሲወረወሩ ጠመንጃው በዚያው ልክ ወደኋላ ይገፋል። ጥይቱ ያው ከሆነ፣ ጠመንጃው በቀለለ ቁጥር ትከሻ ላይ የሚያርፈው ጉልበት ይጨምራል። የእኔው 180 ግሬን (12 ግራም ገደማ) በሚመዝን ጥይት ሲተኮስ በጉልበት መለኪያ በግምት 41 ጁል ይመልሳል። ክብደቱን ወደ 3.65 ኪሎ ባደርሰው 36 ገደማ ይሆናል።

እኔ ግን ሒሳቡን የሠራሁት ገንዘቤን ከጨረስኩ በኋላ ነው። መጀመሪያ ቀለል ያለ 150 ግሬን ጥይት ገዛሁ። ልዩነቱን በጆሮ ካልሆነ በትከሻ አላገኘሁትም፤ ቀላሉ ጥይት በበለጠ ፍጥነት ስለሚወጣ የሚቀንሰው እንዳሰብኩት አይደለም። ቀጥዬ አፈሙዙ ላይ ብሬክ አስገጠምኩ። ጋዙን ወደ ጎን የሚያስወጣ ቀዳዳ ያለው ቁራጭ ብረት ነው። እውነት ለመናገር ይሄ ይሠራል፤ ርግጫው ግማሽ የሄደ መሰለኝ። ጩኸቱ ግን ሌላ ጉድ ነው! ሁለት ጠረጴዛ ርቆ ይተኩስ የነበረ ሰውዬ ዕቃውን ሰብስቦ ወደ ሌላኛው ጥግ ሄደ። እኔም በጆሮ መሰኪያው ላይ ትልቁን የጆሮ መከላከያ ደረብኩ። ጫካ ውስጥ ግን ከጎኔ የሚሄድ ሰው አለ፤ በባዶ ጆሮው ይህን እንዲሰማ አልፈርድበትም።

ያ ከጎኔ የሚሄደው ሰው ጋሼ ነው፤ ስሙን ልተወው። በወጣትነቱ ወታደር ነበር። ብሬኩን ላሳየው ብዬ አብሮኝ ተኩስ ሜዳ ወሰድኩት። ዝም ብሎ ሲያየኝ ቆየና "ካዝናውን እኔ ልሙላልህ" አለ። ሳላውቅ ባሩድ የሌለው የማስመሰያ ጥይት ቀላቅሎበት ኖሯል። አነጣጠርኩ፣ ምላጩን ሳብኩ፣ ቀጭ አለ። አፈሙዙ ወደ መሬት ተደፋ፣ ዓይኔ ተጨፈነ፣ ትከሻዬ ወደፊት ዘለለ። የመታኝ ነገር ግን የለም።

"አንተ ልጅ፣ ጠመንጃው ሳይመታህ አንተ ቀድመህ ወደቅክ" አለኝ።

ከዚያ ቀን በፊት ችግሩ ሕመም ይመስለኝ ነበር። ሕመሙ በሦስት ቀን ይለቃል፤ ድንጋጤው ግን ጣት ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ጋሼ ትልቁን ጠመንጃ ቀማኝና ርግጫው እዚህ ግባ የማይባል ሃያ ሁለት ካሊበር ጠመንጃ ሰጠኝ። ለሁለት ወር ያህል በየሳምንቱ 40 ትናንሽ ጥይቶች ከተኮስኩ በኋላ ብቻ ከማግነሙ ሦስት ይፈቀድልኝ ነበር። አራተኛ ብለምነውም መልሱ እምቢ ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ ባዶነቱን ሁለት ጊዜ አረጋግጬ፣ ጥይቱን ሌላ ክፍል ትቼ፣ ምላጭ መሳብ ብቻ እለማመዳለሁ። ልጆቼ ግድግዳ የምተኩስ ዕብድ አድርገው ይስቁብኝ ነበር።

አቀማመጤንም አስተካከለው። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ ስተኩስ ሰውነቴ ወደኋላ የሚሄድበት ስለሌለው ምቱን ሁሉ አጥንቴ ነበር የሚቀበለው። የጠመንጃውን ማሳረፊያ ከፍ አድርገን ቀጥ ብዬ መቀመጥ ስጀምር፣ ሰደፉንም ከክንድ መጋጠሚያው ሳይሆን ከደረቴ ጎን ካለው የሥጋ ኪስ አጥብቄ ስይዘው፣ ያው ጠመንጃ ሌላ ሆነ። ሰደፉን ላላ አድርጌ እይዘው የነበረው ፈርቼ ነው፤ ላላ የተያዘ ደግሞ ተንደርድሮ ይመታል። መነጽሩን ሁለት ሴንቲ ሜትር ወደፊት ገፋነው፤ ቅንድቤ ከዚያ ወዲህ አልተነካም።

በመጨረሻ ሰደፉ ላይ ደረስኩ። ጠንካራውን ጎማ ለስላሳ በሆነ ወፍራም ጎማ አስቀየርኩት። ጎማው ሰደፉን ስላስረዘመው ባለሙያው ከፕላስቲኩ ሰደፍ ትንሽ ቆረጠለት፤ የምለካው ደግሞ በቲሸርት ሳይሆን የክረምት ጃኬቴን ለብሼ እንዲሆን እሱ ነው ያስታወሰኝ። የሰደፉ ውስጥ ባዶ ስለነበር 450 ግራም የእርሳስ እንክብል በከረጢት አድርገን እንዳይንኳኳ ጠቀጠቅነው። ክብደት ለመቀነስ ከፍዬ፣ ክብደት ለመጨመር እንደገና ከፈልኩ። ሚዛኑ ትንሽ ወደኋላ ያደላል፣ ግን ለምጄዋለሁ።

ብሬኩን ለአደን ፈታሁት። ሲፈታ ጥይቱ የሚያርፍበት ቦታ ስለሚለወጥ እንደገና ማነጣጠሪያውን ማስተካከል ግድ ነበር፤ ይህን ሳላደርግ ብወጣ ኖሮ ስቼ እመለስ ነበር።

በጥቅምት መጨረሻ፣ ብርቱካንማ ሰደርያችንን ለብሰን ሦስት ቀን ተንከራተትን። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ አንዲት እንስት ኤልክ 170 ሜትር ገደማ ላይ ጎኗን ሰጥታ ቆመች። ግንድ ላይ ተደግፌ ተነፈስኩና ተኮስኩ። በመነጽሩ ውስጥ ስትወድቅ አየኋት፤ ዓይኔ ክፍት ነበር ማለት ነው። ጋሼ ጆሮውን እያሸ "እንግዲህ ተሸከም" አለኝ። ሥጋው መኪናው ጋ እስኪደርስ አራት ምልልስ ፈጀብን። ባለቤቴ ጽጌን ስለምትጾም ሁሉም ፍሪዘር ገባ።