«ልጄ፣ ክሪኩን የት አደረግከው?»

የመኪና ቴፕ የሚገጠምበት ሱቅ ተቀጥሬ ስሠራ ነው፤ እዚሁ ጅማ። መስከረም ላይ ነበር። ዝናቡ ገና አልለቀቀንም፣ ቡና ነጋዴዎች ግን ለለቀማው መኪናቸውን ማሰናዳት ጀምረዋል። በዕድሜ አባቴን የሚያህሉ ነጋዴ ደብል ጋቢና ሃይሉክሳቸውን ይዘው መጡ። ሳብውፈር፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ (ቤዙን) የሚያወጣ ስፒከር፣ ይገጠምልኝ አሉ።

ከኋላ ወንበር ጀርባ ያለችው ቦታ አስቸጋሪ ናት። ወንበሩ ጋደል ስለሚል ታች ሰፋ፣ ላይ ጠበብ ትላለች። ስፒከሩ የሚገጠምበት ሳጥንም እንደዚያው መሠራት አለበት። ሳጥኑ የሚሠራበት ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ) ደግሞ ከወርዱም ከቁመቱም 36 ሚሊ ሜትር ይበላል። ከውጭ ብቻ የለካ ሰው ከውስጥ ይከስራል። በርጩማ የሚሠራ አናጢ ቆረጠልኝ፤ መጋጠሚያው ወረቀት አያስገባም። ውስጡ ወደ 24 ሊትር ወጣ። ለስስ ባለ 10 ኢንች ስፒከር በቂ ነው። ዝግ ሳጥን አየር ካስወጣ ቤዙ ስለሚሞት ማዕዘኖቹን በሲሊኮን ደፈንኩ።

ችግሩ ክሪኩና ጎማ መፍቻው እዚያው ወንበሩ ጀርባ መሆናቸው ነው። እነሱ ካልወጡ ሳጥኑ አይገባም። ለአለቃዬ ነገርኩት።

«ክሪክ ማን ያያል? ሰውዬው የሚሰማው ድምፁን ነው» አለኝ።

አውጥቼ የሥራ ጠረጴዛዬ ሥር አስቀመጥኩት። እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር። ቤዙ ሲመታ ፊታቸው ሲበራ ሳይ ረሳሁት።

በሳምንቱ ማታ 2 ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። አጋሮ መንገድ ላይ ጎማ ተንፍሶባቸዋል። ዝናብ ነው። ባለቤታቸውና ትንሹ ልጃቸው አብረዋቸው አሉ።

«ልጄ፣ ክሪኩን የት አደረግከው? ወንበሩን አነሳነው፣ ሳጥኑ ብቻ ነው ያለው። ከሳጥኑ ውስጥ ነው እንዴ?»

አልተቆጡም። ይቺ «ከውስጥ ነው እንዴ?» ያሏት ነገር እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች። እኔ ቦታ አጣሁ ብዬ ያወጣሁትን፣ እሳቸው ቦታ አበጅቶለታል ብለው አምነውኛል።

«እኔ ጋ ነው ጋሼ። ይዤ እየመጣሁ ነው» አልኩ።

ጓደኛዬን ከቤቱ አስወጥቼ በመኪናው ሄድን። ስንደርስ አንድ የአይሱዙ ሾፌር ክሪክ አውሷቸው ጎማው ተቀይሯል። ልጁ በእናቱ ጋቢ ተጠቅልሎ ተኝቷል። የጋሼ እጅ እስከ ክንዳቸው ጭቃ ነው። ክሪኩን ተቀበሉኝና «በል ግባ፣ ዝናብ አይምታህ» አሉኝ። ይቅርታ የምልበት አፍ አጣሁ።

በማግስቱ ሳጥኑን አውጥቼ ወርዱን በ13 ሳንቲ ሜትር አሳጠርኩት። ወደ 19 ሊትር ወረደ፤ ቤዙም ትንሽ ቀነሰ። ክሪኩ ግን ቦታው ገባ። የኤምዲኤፉ ዋጋ ከደሞዜ ተቆረጠ። ያንን ሱቅ ለቅቄያለሁ።

ጋሼ አሁን የራሴ ሱቅ ይመጣሉ። ሥራ በጨረስኩ ቁጥር፣ ቴፑን ከመክፈታቸው በፊት ወንበሩን ወደፊት ያጋድሙና ክሪኩን በእጃቸው ይነካሉ። እኔም በሩን ይዤላቸው እቆማለሁ።