ዛሬ «ባንዲኒ»ን አየሁ

ዛሬ ከሰዓት ቤት ቁጭ ብዬ የዳይሬክተር ቢማል ሮይን «ባንዲኒ» አየሁ፤ እስካሁን ከውስጤ አልወጣም። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣ ጥቁርና ነጭ የሂንዲ ፊልም ነው። ታሪኩ የተወሰደው ጃራሳንዳ በሚል የብዕር ስም ከሚታወቀው የቤንጋል ደራሲ ልብወለድ ነው። ደራሲው ራሱ በእስር ቤት ኃላፊነት የሠራ ሰው ነው። ለዚህ ይመስለኛል ሴት እስረኞቹ ሲፈጩም፣ ሲያዜሙም፣ ሲጣሉም ሁሉ ነገር እውነት የሆነው።

ካልያኒን የምትጫወተው ኑታን ናት። በፍቅር የተጎዳች፣ ሰው ገድላ የታሰረች ሴት። ያቺ መርዙን የምታዘጋጅበት ቦታ ግን! ውጭ ብረት ይቀጠቀጣል፣ የብየዳው ብርሃን ፊቷ ላይ ብልጭ ድርግም ይላል፣ እሷ ዝም ብላ ታያለች፣ እኔም ትንፋሼን ዋጥኩ። ምንም ሳትናገር አንድ ደግ ሰው እንዴት እዚያ እንደሚደርስ ፊቷ ላይ አየሁት። እንዲህ ያለ ትወና ከስንት አንዴ ነው የሚገኘው።

መጨረሻው ላይ ግን ከፊልሙ ጋር ተጣላሁ (ያላያችሁት ይህቺን ዝለሏት)። ዳርሜንድራ የሚጫወተው ወጣት ዶክተር ከልቡ ይወዳታል፣ ሊያገባት ይፈልጋል። እሷ ወደ እሱ ስትሄድ መንገድ ላይ የድሮ ፍቅረኛዋን ታሞ አገኘችውና፣ የፊልሙ ሙዚቃ ደራሲ ኤስ ዲ በርማን ራሱ በሚያዜመው የጀልባ ዘፈን ታጅባ ወደዚያኛው ሮጠች። መውደዷ ይገባኛል። ግን ያ ዶክተር አንጀቴን በላው፤ ለእሷም አዲስ ሕይወት ተመኝቼላት ነበር።

ያያችሁት ካላችሁ ንገሩኝ፣ እናንተ ብትሆኑ ወደ ማን ትሄዱ ነበር?