ጎጆ የሚቀልስ ህዋስ

ነገሩ የጀመረው ማክሰኞ ማታ፣ ጓዳ ውስጥ ነው። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ልጄ ደብተሯን ታቅፋ መጣች። ሰባተኛ ክፍል ናት፤ ዓርብ የሳይንስ ፈተና ነበረባት።

«እማዬ፣ ህዋስ በዓይን ይታያል?»

«አይታይም» አልኳት። ከሽንኩርቱ ቀና እንኳ አላልኩም።

ለዚህ መልስ ማሰብ አያስፈልገኝም ነበር። እንጀራዬ ነው። 14 ዓመት ሙሉ ላቦራቶሪ ውስጥ ሠርቻለሁ። ደም ስላይድ ላይ እቀባለሁ፣ ጊምሳ በሚባል ማቅለሚያ አቀልማለሁ፣ አንድ ጠብታ ዘይት ጠብ አድርጌ በመቶው ሌንስ ወባ እፈልጋለሁ። አንድ ቀይ የደም ህዋስ ስፋቱ ከ7 እስከ 8 ማይክሮሜትር ነው፤ አንድ ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። የወባዋ ተሐዋሲ ደግሞ እዚያ ውስጥ ገብታ የምትኖር፣ ራሷም ባለ አንድ ህዋስ ፍጥረት ናት። ለእኔ «ባለ አንድ ህዋስ» ማለት ያለ ማይክሮስኮፕ የሌለ ያህል ነው።

ልጄ ግን ከበሩ አልተነቃነቀችም። «እንቁላልስ?» አለች። «መምህራችን አስኳሉ አንድ ህዋስ ነው ብሎናል።»

ቢላዋውን አስቀመጥኩ። ልክ ናት። ያልዳበረ የዶሮ እንቁላል አስኳል አንድ ህዋስ ነው። ድሮ ተምሬው ነበር፤ ረስቼዋለሁ። ቋንቋችንም እዚህ ላይ ያምታታል። በህዋስ መሐል ያለውን ኒውክለስ በአማርኛ «አስኳል» እንለዋለን። የእንቁላሉ አስኳል ግን ሙሉ ህዋሱ ነው። አብዛኛው ደግሞ ስንቅ ነው፤ ለሚፈለፈለው ጫጩት የተቋጠረ ስንቅ። «ስንቅ ስለያዘ ነው የተለቀው» ብያት ወደ ሽንኩርቴ ተመለስኩ። ሐሳቤ ግን አብሮኝ አልተመለሰም። ስንቅ ሳይቋጥር፣ ራሱን ችሎ የሚኖር፣ መዳፍ የሚሞላ አንድ ህዋስ ይኖር ይሆን?

በማግስቱ ሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ሕመምተኛ አልበዛም። ስልኬን አውጥቼ ማንበብ ጀመርኩ። ሳላስበው ነጋ።

አለ። ዜኖፊዮፎር ይባላል።

የሚኖረው በጥልቅ ውቅያኖስ ወለል ላይ ነው። የፀሐይ ብርሃን የሚባል ነገር አይደርስበትም። ውኃው እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። እዚያ፣ ደለሉ ላይ፣ ባለ አንድ ህዋስ ፍጥረት ቁጭ ብሏል። አንዳንዱ ከ10 ሴንቲሜትር ያልፋል። በስኮትላንድ አቅራቢያ፣ አትላንቲክ ውስጥ የሚገኘው ሲሪንጋሚና ፍራጂሊሲማ የተባለው ዝርያ እስከ 20 ሴንቲሜትር ይደርሳል። በምርመራ መጠየቂያ ወረቀት ጀርባ ላይ ሒሳቡን ሠራሁት። 10 ሴንቲሜትር ለመሙላት ቀይ የደም ህዋሳትን ጎን ለጎን ብንደረድር 13 ሺህ ያህል ያስፈልጉናል። ይኼኛው ብቻውን ይሞላዋል።

ፎቶዎቹን ደጋግሜ አየሁ። አንዱ የተጨማደደ ቅጠል ይመስላል። አንዱ ድቡልቡል ነው። አንዱ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኗል። ማንም ሰው አይቶ «ይህ ህዋስ ነው» አይልም።

እንዴት ሊሆን ቻለ? ህዋስ ትንሽ የሚሆነው በምክንያት ነው። ምግብና ኦክስጅን ከውጭ ገብቶ መሐሉ ድረስ መድረስ አለበት። ኳስ የመሰለ ህዋስ ሲተልቅ ሆዱ ከቆዳው ቀድሞ ያድጋል። ቆዳው የሚያስገባው ለሆዱ አይበቃም። ዜኖፊዮፎር ይህን ያለፈው ኳስ ባለመሆን ነው። ሕያው አካሉ በቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ እንደ ዛፍ ሥር እየተከፋፈለ ይሄዳል። አስኳሉም አንድ አይደለም፤ እጅግ ብዙ ነው። ከምናየው ግዝፈት ውስጥ ሕያው የሆነው ትንሹ ክፍል ነው። የቀረው ቤት ነው።

የቤቱ ነገር ነው ልቤን የወሰደው።

ቤቱን የሚሠራው ከዙሪያው ከሚያገኘው ነው። ደለል፣ የሌሎች ጥቃቅን ፍጥረታት ዛጎል፣ ስፖንጅ የሚባለው የባሕር እንስሳ ሞቶ ትቶት የሄደ ስለታም እሾህ። እነዚህን ለቅሞ ከራሱ በሚያወጣው ሙጫ ያጣብቃቸዋል። ስሙም ከዚህ የመጣ ነው፤ በግሪክኛ «ባዕድ ነገር ተሸካሚ» እንደማለት ነው።

ይህን ሳነብ አያቴ መጣችብኝ። ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ የገጠሩን ቤት ትመርግ ነበር። ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡክታ፣ በእግሯ ረግጣ፣ አሳድራ። «ጭቃ ብቻውን ይሰነጠቃል፤ የሚይዘው ጭዱ ነው» ትለን ነበር። የስፖንጁን እሾህ ሳስብ ጭዷ ነው የታየኝ። ወለሉን ደግሞ በእበት ትለቀልቀው ነበር። ዜኖፊዮፎርም ከዚህ አልራቀም። ቆሻሻውን አይጥልም። በጥቃቅን እንክብል አድርጎ እዚያው ቤቱ ውስጥ፣ በቱቦዎቹ አጠገብ ያከማቸዋል። ለከተማ ሰው ይቀፍ ይሆናል። በእበት በተለቀለቀ ወለል ላይ ድክ ድክ ብሎ ላደገ ሰው ግን አይከብድም።

አንድ ነገር ደግሞ ከሥራ ቦታዬ ጋር ገጠመብኝ። በአካሉ ውስጥ ጥቃቅን የባራይት ክሪስታሎች አሉ። ባራይት ባሪየም ሰልፌት ነው። ለሆድ ራጅ የሚመጡ ሰዎች የሚጠጡት ነጭ ፈሳሽም ባሪየም ሰልፌት ነው። ከእኔ ክፍል ሁለት በር አልፎ የሚሰጥ ነገር ነው። እርሳስና ዩራኒየምም በብዛት ተገኝቶበታል። እኛን የሚመርዘንን ተሸክሞ ይኖራል።

እድገቱም እንደ እኛ ዕለት በዕለት አይደለም። በሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክ፣ 4,944 ሜትር ጥልቀት ላይ፣ ተመራማሪዎች በየተወሰነ ሰዓቱ ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ አቁመው ነበር። ውጤቱን ያሳተሙት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1993 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደዚሁ ናቸው)። ካሜራው ለ8 ወር ያህል ሦስት ዜኖፊዮፎሮችን ተከታተለ። ሁለት ወይም ሦስት ቀን ያድጋሉ። ከዚያ ሁለት ወር ያህል ዝም። እንደገና ሁለት ሦስት ቀን። እንዲህ እያሉ በ8 ወር ውስጥ ግዝፈታቸው ከሦስት እስከ አሥር እጥፍ ጨመረ። ካሜራውን የላኩት ሰዎች ፊልሙን ሲያጥቡ የተሰማቸውን ማወቅ እፈልግ ነበር። ወር ሙሉ አንድ ዓይነት ፎቶ፣ አንድ ዓይነት ፎቶ፣ ከዚያ ድንገት ከቤቱ ጎን አዲስ ግድግዳ።

ቤቱ ደግሞ ለባለቤቱ ብቻ አይደለም። ደባል አለው። ትሎች ይገባሉ፣ ትናንሽ ሸርጣን መሰል ፍጥረታት ይገባሉ፣ ባለ ቀጫጭን ክንድ የባሕር ኮከቦች ይጠጉበታል። ያ ሁሉ ሜዳ ለጥ ያለ ጭቃ ነው፤ ከጭቃው ከፍ ያለ መጠጊያ እንደልብ አይገኝም። በ2020 በወጣ ጥናት ደግሞ በምሥራቃዊ ፓስፊክ ከወለሉ በወጡ ዜኖፊዮፎሮች ውስጥ የዓሣ ሽሎች መገኘታቸው ተገለጸ። አንዲት ዓሣ እንቁላሎቿን አንድ ህዋስ ውስጥ አሳድራ ሄዳለች ማለት ነው። የልጄን እንቁላል አስታወስኩ። ህዋስ የሆነ እንቁላል፣ ህዋስ በሠራው ቤት ውስጥ።

ሰዎች መጀመሪያ ምን እንደሆነ አላወቁም። አይፈረድባቸውም። ሲሪንጋሚና በ1883 ሲገለጽ እንግሊዛዊው ተመራማሪ ሄንሪ ብሬዲ ከባለ አንድ ህዋሶቹ ፎራሚኒፌራዎች ጋር መድቦት ነበር። በ1889 ግን ጀርመናዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ኤርንስት ሄክል ቻሌንጀር የተባለችው የእንግሊዝ የምርምር መርከብ ከዞረቻቸው ውቅያኖሶች ያመጣቻቸውን ሌሎች ዝርያዎች ሲያጠና ስፖንጅ ናቸው አለ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ፍራንዝ አይልሃርድ ሹልዘ የተባለ ጀርመናዊ ስፖንጅ አለመሆናቸውን አይቶ ዛሬ የምንጠራበትን ስም ሰጣቸው። በ2003 የዘረመል ምርመራ ሲደረግ ብሬዲ ልክ ሆኖ ተገኘ። 120 ዓመት ፈጀ።

ፎራሚኒፌራ የሚለውን ስም ሳይ ደግሞ ወደ ሌላ ታሪክ ገባሁ። ከዚሁ ወገን የሆኑ፣ ኑሙላይት የሚባሉ፣ ሳንቲም የሚያካክሉ ባለ አንድ ህዋስ ፍጥረታት በጥንት ባሕር ውስጥ ነበሩ። ዛጎላቸው ተደራርቦ ድንጋይ ሆኗል። የጊዛ ፒራሚዶች የተሠሩበት የኖራ ድንጋይ በእነሱ የተሞላ ነው። ከ2 ሺህ ዓመት በፊት የነበረው የግሪክ ጂኦግራፊ ጸሐፊ ስትራቦ እዚያ ሄዶ ፍንጥርጣሪያቸውን አይቷል። የአገሩ ሰዎች «ይህ ፒራሚዱን የሠሩት ሰዎች የተረፋቸው ምስር ነው፤ ድንጋይ ሆኖ ቀረ» ብለው ነገሩት። ይህን ለየት ባለ ደስታ አነበብኩት፤ ምክንያቱም በእኛ የጥንት መጻሕፍት ግብፅ ራሷ «ምስር» ናት።

ወደ ጥልቁ ልመለስ። በሐምሌ 2011 የአሜሪካው ስክሪፕስ የውቅያኖስ ጥናት ተቋምና ናሽናል ጂኦግራፊክ በወፍራም የመስታወት ኳስ ውስጥ ካሜራና መብራት አስገብተው የውቅያኖስ እጅግ ጥልቁ ቦታ ወደሚገኝበት ማሪያና ሸለቆ ጣሉ። በ10,641 ሜትር ጥልቀት ላይ ዜኖፊዮፎር ተገኘ። ራስ ዳሽንን እዚያ ቢያስቀምጡትና ሌላ ራስ ዳሽን ቢደርቡበት ጫፉ ከውኃው አይወጣም። ያ ሁሉ ውኃ የሚጫነው፣ አየር እኛን ከሚጫነን ከ1,000 እጥፍ በላይ ነው። እዚያ ነው ያ ተሰባሪ ቤት ቆሞ የተገኘው።

ተሰባሪ ያልኩት በምክንያት ነው። ፍራጂሊሲማ ማለት በላቲን «እጅግ ተሰባሪ» ማለት ነው። መረብ ሲጎትተው ይፈራርሳል። ጭቃ ከነበረበት ወደ ጭቃ ይመለሳል። ይህ ነገር እኔን በሥራዬ ነው የነካኝ። የላቦራቶሪ ሰው ነኝ። የማውቀው መንገድ አንድ ነው፤ ናሙና ውሰድ፣ ቀባ፣ አቅልም፣ እይ። ጊምሳ ያረፈበት ህዋስ ሁሉ የሞተ ህዋስ ነው። 14 ዓመት ያየሁት የሞቱትን ነው። ይህንን ግን ኑሮውን ለማየት የሚቻለው ካሜራ ይዞ እሱ ያለበት ድረስ ወርዶ፣ ሳይነኩ ወሩን ሙሉ በመጠበቅ ነው። ሐሙስ ጠዋት ወደ ቤት ስሄድ ታክሲ ውስጥ ያሰብኩት ይህንን ብቻ ነበር።

ሳይነኩት ግን የሚተውት አይመስልም። በሃዋይና በሜክሲኮ መሐል ክላሪዮን ክሊፐርተን የሚባል ሰፊ የፓስፊክ ወለል አለ። ከ4,000 ሜትር በታች ነው። እዚያ ድንች የሚያካክሉ ጥቋቁር ድንጋዮች ተበትነዋል። ማንጋኒዝ፣ ኒኬል፣ መዳብና ኮባልት አላቸው። በሚሊዮን ዓመት የሚያድጉት ጥቂት ሚሊሜትር ነው። ዜኖፊዮፎርም በዚያ አካባቢ እጅግ ብዙ ነው፤ ከድንጋዮቹ በላይ ተጣብቀው የሚኖሩ ዝርያዎች አሉ። ድንጋዮቹን ለባትሪ የሚፈልጉ ድርጅቶች ወለሉን በማሽን ሊያርሱት ያስባሉ። ዓለም አቀፍ ሕጉ ያንን ወለል የሰው ልጅ ሁሉ የጋራ ቅርስ ይለዋል፤ ባሕር ያለውም የሌለውም አገር። የእኛም ነው ማለት ነው። ይህንን የማነበው ባትሪው ኮባልት ባለው ስልክ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ባይነኩት እመርጣለሁ። ሚሊዮን ዓመት የፈጀን ነገር በአንድ ከሰዓት በኋላ ማንሳት ይከብደኛል።

በ1979 እዚያ ሙከራ ተደርጎ ነበር። ማሽን ወለሉን አርሶ አለፈ። በ2023 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ተመልሰው ሄዱ። ከ44 ዓመት በኋላ ዱካው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ተጣብቀው የሚኖሩት ትልልቅ እንስሳት በዱካው ውስጥ እምብዛም የሉም። ግን በ2025 ባወጡት ጽሑፍ አንድ ነገር አስፍረዋል። አንድ ዓይነት ትልቅ ዜኖፊዮፎር በታረሰው መሬት ላይ ተመልሶ ሰፍሯል። ይህን ዓረፍተ ነገር ሦስቴ አነበብኩት። አያቴ ጎርፍ የናደውን ግድግዳ ዳግም ስትመርግ አየሁ። ሁሉም ዝርያ እንዲህ ይመለሳል ማለት አይደለም፤ ድንጋዩ ላይ የሚኖሩት ድንጋዩ ከተነሳ የሚመለሱበት የላቸውም።

ሐሙስ ማታ ለልጄ ፎቶዎቹን አሳየኋት። አልጋዋ ላይ ተደግፈን አንድ በአንድ አየናቸው። ስሙን እስክትለምደው ብዙ ጊዜ አስደጋገመችኝ። «እና መልሱ ምንድን ነው?» አለችኝ። «የማክሰኞውን መልሴን ተዪው» አልኳት።

ዓርብ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ጫማዋን ሳታወልቅ ወደ ጓዳ ገባች። ጥያቄው መጥቷል። እውነት ወይም ሐሰት በሉ ነው የሚለው፤ «ህዋስ ሁሉ ያለ ማይክሮስኮፕ አይታይም።» ሐሰት ብላለች። ቦታ ስለተረፋት ደግሞ ከጎኑ በእርሳስ «ዜኖፊዮፎር፣ 20 ሴ.ሜ.» ብላ ጽፋበታለች።

ወረቀቱ እስካሁን አልተመለሰላትም።