ዕጣ ያልወጣለት ሙከራ፦ በሦስት ቤተ ሙከራዎች የተከተለኝ አንድ ስሕተት

የምርምር ሥራዬን የመጀመሪያ ዓመታት ያሳለፍኩት በቁሳቁስ ምህንድስና ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። የተሰጠኝ ጥያቄ ቀላል ይመስል ነበር፤ ኢፖክሲ ሬዚን (ከማጠንከሪያ ጋር ሲደባለቅ የሚጠነክር ፈሳሽ ፕላስቲክ) ውስጥ ደቃቅ የሴራሚክ ዱቄት ቢደባለቅ፣ ቁሱ ሲሳብ ከመበጠሱ በፊት የሚሸከመው ጫና ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? ሬዚኑንና ማጠንከሪያውን መዝኜ፣ ዱቄቱን በየመጠኑ ጨምሬ፣ ሲደባለቅ የገባውን አየር በቫክዩም አስወጥቼ፣ ሁሉንም ናሙናዎች በአንድ ቀን ቅርጽ ማውጫው ውስጥ አፈሰስኳቸው። በማግስቱ ምንም ዱቄት የሌለባቸውን፣ ከዚያ 1 በመቶ ያለባቸውን፣ ቀጥሎም 2፣ 3 እና 4 በመቶ ያለባቸውን በቅደም ተከተል መሳብ ጀመርኩ። ማሽኑን ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር በተራ እጠቀም ስለነበር ሥራው 2 ሳምንት ፈጀ።

ውጤቱን በግራፍ ሳስቀምጠው ዱቄቱ በጨመረ ቁጥር ጥንካሬውም ያለማቋረጥ ይጨምራል፤ ነጥቦቹም ከመስመሩ እምብዛም አይርቁም። ሪፖርቱን መጻፍ ጀምሬ ነበር። ያስቆመኝ አንድ ትርፍ ናሙና ነው። ዱቄት ከሌለባቸው ናሙናዎች አንዱ መሳቢያ ውስጥ ተረስቶ ስለነበር፣ ማሽኑ ሥራ በፈታበት አንድ ከሰዓት በኋላ አውጥቼ ሳብኩት። ይበጠሳል ብዬ የጠበቅኩበትን ጫና አልፎ ወጣ፤ በመጨረሻ ሲበጠስም ቁጥሩ 4 በመቶ ዱቄት ካለባቸው ናሙናዎች ጋር የሚቀራረብ ነበር። የተበጠሰውን ገጽ በማጉያ መነጽር ደጋግሜ አየሁት፤ ሰንበርም ሆነ የአየር አረፋ አልነበረበትም። ናሙናው ጤነኛ ነበር። የታመመው ሙከራዬ ነው።

በክፍል ሙቀት የሚጠነክር ኢፖክሲ በማግስቱ ሲዳሰስ ደረቅና ጠንካራ ይሁን እንጂ ውስጡ ያለው ኬሚካዊ ሂደት ገና አላበቃም። በሬዚኑና በማጠንከሪያው ሞለኪውሎች መካከል የሚሠራው ድርና ማግ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት መጥበቁን ይቀጥላል። እኔ ደግሞ ዱቄት የሌለበትን በ1 ቀን ዕድሜው፣ 4 በመቶ ያለበትን በ2 ሳምንት ዕድሜው ስቤዋለሁ። የዱቄቱ መጠንና የናሙናው ዕድሜ እጅ ለእጅ ተያይዘው ስለጨመሩ፣ የትኛው ምን እንዳመጣ ለይቶ የሚያወጣ ስሌት በዓለም ላይ የለም። መረጃው ውስጥ የሌለውን ነገር የስታቲስቲክስ ዘዴ ሊፈጥረው አይችልም፤ ይህን በቃል ደረጃ ከትምህርት ቤት ጀምሮ አውቀው የነበረ ቢሆንም፣ ትርጉሙ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ሥራውን እንደገና ጀመርኩት። በዚህኛው ዙር ናሙናዎቹ በሙሉ በምድጃ ውስጥ እኩል ሙቀት እኩል ሰዓት አግኝተው መጠንከራቸውን እንዲጨርሱ አደረግኩ፤ ከዚያም የእያንዳንዱን ናሙና ቁጥር በቁራጭ ወረቀት ጽፌ፣ የሚሳቡበትን ተራ በዕጣ አወጣሁ። ያ ያማረ መስመር ጠፋ። የቀረው ልዩነት፣ እኩል ዱቄት ያለባቸው ናሙናዎች እርስ በርሳቸው ከሚለያዩበት መጠን ያነሰ ነበር። ሪፖርቱም «በዚህ ሙከራ ዱቄቱ የሚታይ ለውጥ አላመጣም» የሚል ሆኖ ወጣ። ሦስት ወር የፈጀ ሥራ በዚህ ዓረፍተ ነገር ሲጠቃለል ማዘኔን አልደብቅም፤ ነገር ግን እውነተኛው ዓረፍተ ነገር እሱ ነበር።

ዕጣ የማውጣትን ነገር በሥርዓት ያስተማረው እ.ኤ.አ. ከ1919 ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ በሮታምስተድ የግብርና ምርምር ጣቢያ ይሠራ የነበረው የስታቲስቲክስ ሊቅ ሮናልድ ፊሸር ነው። እሱን የገጠመው ችግር ከእኔ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ማሳው አንዱ ጥግ ለም፣ ሌላው ጥግ ጭንጫ ሊሆን ይችላል፤ ማዳበሪያው ለሙ ጥግ ላይ ብቻ ከወደቀ ምርቱን ያመጣው አፈሩ ይሁን ማዳበሪያው አይታወቅም። መፍትሔው የትኛው ቁራሽ መሬት የትኛውን ማዳበሪያ እንደሚያገኝ በዕጣ መወሰን ነው። ዕጣ የአፈሩን ልዩነት አያጠፋውም። የሚያደርገው ልዩነቱ ለአንዱ ወገን እንዳያዳላ መከላከልና ሊሰላ ወደሚችል መበታተን መቀየር ነው። የማላውቀውንና ያልጠረጠርኩትን ነገር ጭምር የሚከላከልልኝ ሌላ ቀላል መሣሪያ እስካሁን አላገኘሁም። የኢፖክሲውን ዕድሜ ባልጠረጥር እንኳ፣ ተራውን መጀመሪያውኑ በዕጣ አውጥቼ ቢሆን ኖሮ ያ የውሸት መስመር አይወጣም ነበር።

ከዚያ ወደ ሙቀት ማስተላለፍ ጥናት ተዛወርኩ። ሥራዬ የጋለ የብረት ጡብ በተለያየ የአየር ፍጥነት ሲቀዘቅዝ መለካት ነበር፤ ለዚህም ኬ ዓይነት የሚባለውን ቴርሞካፕል፣ ማለትም ሙቀትን በኤሌክትሪክ ምልክት የሚያሳይ ሴንሰር፣ እጠቀም ነበር። ይህ ሴንሰር ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ የሚሰጠው ምልክት 41 ማይክሮቮልት (የቮልት ሚሊዮንኛ) ያህል ብቻ ስለሆነ ከውጭ የሚገባ ትንሽ ኤሌክትሪክ በቀላሉ ሙቀት መስሎ ይታያል። የማሞቂያውን ማብሪያ ስጫን ንባቡ በዚያው ቅጽበት ጥቂት ዲግሪዎች ዘለለ። ብዙ ቀን ይህን ዝላይ አይቼው ማሞቂያው ፈጣን ስለሆነ ነው ብዬ አልፌዋለሁ። አንድ ቀን ግን ቆም ብዬ አሰብኩ፦ ማሞቂያውና ሴንሰሩ መካከል የጣት ርዝመት ያህል ብረት አለ፤ ሙቀት በዚያ ውስጥ ለማለፍ ጊዜ ይፈልጋል፤ ያለ ጊዜ የሚደርስ ኤሌክትሪክ ነው። ማሞቂያውን ለአንድ ሰከንድ ብቻ አብርቼ ሳጠፋው ንባቡ ዘልሎ ወዲያው ተመለሰ፤ የጋለ ብረት ደግሞ በአንድ ሰከንድ አይቀዘቅዝም። የሴንሰሩ ጫፍ ብረቱን በቀጥታ ስለሚነካ ከማሞቂያው የሚያፈተልክ ኤሌክትሪክ ወደ መለኪያው ይገባ ነበር። ጫፉን በቀጭን የኤሌክትሪክ መከላከያ ሸፍኜ ስመልሰው ዝላዩ ቀረ።

በዚያው ሰሞን ሴንሰሮቹን በበረዶ ውኃ ላረጋግጥ ስል ሁለቱ በአንድ ዕቃ ውስጥ ሆነው ወደ 3 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት አሳዩኝ። አንደኛው ተበላሽቷል ብዬ ማስተካከያ ቁጥር ልሰጠው ነበር። ስሕተቱ የበረዶው ዝግጅት ነበር። ውኃ ከሁሉ ይበልጥ የሚከብደው በ4 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ ጥቂት የበረዶ ቁርጥራጮች ብዙ ውኃ ላይ ሲንሳፈፉ ከታች የሚቀመጠው ውኃ ዜሮ ዲግሪ ላይ አይደለም፤ አንዱ ሴንሰሬ የዕቃው ወለል ላይ ነበር። በረዶውን ፈጭቶ ዕቃውን በእሱ መሙላትና ክፍተቱን የሚሞላ ያህል ውኃ ብቻ ማፍሰስ ያስፈልጋል። እንዲህ ሳደርግ ሁለቱም ዜሮን አነበቡ። ደህናውን ሴንሰር በተሳሳተ ማመሳከሪያ «አስተካክዬው» ቢሆን ኖሮ፣ ከዚያ በኋላ የወሰድኩት ልኬት ሁሉ ይበላሽ ነበር፤ በጣም ያስደነገጠኝም ይህ ነው።

እዚህ ላይ ከሙያ ሙያ ስሸጋገር ደጋግሜ ያየሁትን አንድ የተሳሳተ ተስፋ ማንሳት እፈልጋለሁ፤ እሱም ልኬትን በመደጋገም ሁሉን ነገር ማዳን ይቻላል የሚለው ነው። መደጋገም የሚቀንሰው መበታተንን ነው፤ እሱንም ቢሆን ቆጥቦ ነው፤ የአማካዩን ጥርጣሬ በግማሽ ለመቀነስ ልኬቱን 4 እጥፍ ማብዛት ያስፈልጋል። ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚጎትት ስሕተት ግን ሺህ ጊዜ ቢደገም ሺህ ጊዜ ይጎትታል። ለዚህ ከማውቃቸው ምሳሌዎች ሁሉ ግልጹ ኦፔራ የተባለው የፊዚክስ ቡድን የገጠመው ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ቡድኑ ጄኔቫ አጠገብ ካለው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ከሰርን ተነሥተው 730 ኪሎ ሜትር ያህል በምድር ውስጥ አልፈው ጣሊያን ግራን ሳሶ የደረሱ ኒውትሪኖዎች የተባሉ እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች፣ ብርሃን ሊደርስበት ከሚችለው ጊዜ 60 ናኖሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ) ያህል ቀድመው መድረሳቸውን አስታወቀ። የልኬቶቹ ብዛት ውጤቱን በአጋጣሚ ሊመጣ የማይችል ያስመስለው ነበር። በ2012 እንደታወቀው ዋናው ምክንያት በሚገባ ያልተሰካ የኦፕቲካል ፋይበር ኬብል ነው። ቡድኑን የማከብረው ውጤቱን ይዞ ለወራት ራሱን ሲጠራጠር ስለቆየና ሌሎች እንዲመረምሩለት በአደባባይ ስለጠየቀ ነው።

ሦስተኛው ቤተ ሙከራ የባዮሎጂ ነበር። ሴሎችን የሚያሳድጉት 96 ትናንሽ ጉድጓዶች ባሉት የፕላስቲክ ሳህን ላይ ነው፤ 8 ረድፍ በ12 ዓምድ። የምህንድስና ልማዴን ይዤ፣ ማነጻጸሪያውን፣ ማለትም መድኃኒት የማያገኙትን ሴሎች፣ የመጀመሪያው ዓምድ ላይ፣ ከዚያም መድኃኒቱን ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው መጠን በየዓምዱ ደረደርኩ። ለዓይን ያምራል፤ ለመመዝገብም ይመቻል። ሳህኑ በ37 ዲግሪ ኢንኩቤተር ውስጥ ለቀናት ሲቆይ ግን ዳር ላይ ያሉት 36 ጉድጓዶች ከመሃሎቹ ይልቅ ውኃቸው ይተናል፤ ሴሎቹ የሚመገቡት ፈሳሽ ከመጠን በላይ ይወፍራል፤ ሴሎቹም ይጎዳሉ። የእኔ ማነጻጸሪያ በሙሉ ዳር ላይ ነበር። ስለዚህ ጥቂት መድኃኒት ያገኙት ሴሎች ምንም ካላገኙት የበለጠ የበረቱ መሰሉ። ኢፖክሲው ትዝ አለኝ፤ በ«ዕድሜ» ቦታ «ዳር» ገባ እንጂ ስሕተቱ ያው ነው። ከዚያ ወዲህ የዳሮቹን ጉድጓዶች ሴል በሌለው ፈሳሽ ብቻ ሞልቼ፣ የመሃሎቹን 60 በዕጣ እመድባለሁ። በፒፔት (ፈሳሽ መጥኖ በሚቀዳ መሣሪያ) ስሠራ መሳሳት ስለሚያመጣ አድካሚ ነው፤ የምደባውን ካርታ አትሜ ከሳህኑ አጠገብ በማስቀመጥ እያንዳንዱን ጉድጓድ ከሞላሁ በኋላ ምልክት አደርጋለሁ።

እዚያ አብራኝ ትሠራ የነበረች ባልደረባ፣ ከሦስት ጉድጓድ ያገኘሁትን ውጤት «ሦስት ድግግሞሽ» ብዬ ስጽፍ አየችኝ። «ሦስቱም ከአንድ ጠርሙስ የተቀዱ አይደሉም እንዴ? እንግዲያው አንድ ናቸው» አለችኝ። ሴሎቹ የተቀዱበት ጠርሙስ ችግር ቢኖርበት ሦስቱም ጉድጓዶች አብረው ይሳሳታሉ፤ እርስ በርስ መስማማታቸው የፒፔቴን ትክክለኛነት እንጂ የመድኃኒቱን ሥራ አያረጋግጥም። ይህን በሰማሁበት ማታ የቆየውን የኢፖክሲ ማስታወሻ ደብተሬን ገለጥኩ። ለእያንዳንዱ የዱቄት መጠን የደባለቅኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ የሳብኳቸው ናሙናዎች በሙሉ ከዚያች አንድ ድብልቅ የወጡ ናቸው። የተሳቡበት ተራ በዕጣ መውጣቱ ዕድሜን አስተካክሎልኛል፤ የአንዲት ድብልቅ ግን አንድ መሆኗን አልቀየረም። «የሚታይ ለውጥ አላመጣም» ያልኩት ድምዳሜ ከጻፍኩት በላይ ደካማ ነበር ማለት ነው። ደብተሩ ላይ የዚያን ቀን ቀን ጽፌ፣ የቀድሞውን ሳልሰርዝ፣ ይህንኑ አሰፈርኩ።

በማይክሮስኮፕ የሞቱና በሕይወት ያሉ ሴሎችን ስቆጥር ደግሞ የራሴ ዓይን ተጨመረበት። ከሁለቱ ወዴት እንደሚመደብ የሚያጠራጥር ሴል ሁልጊዜ አለ፤ የትኛው ሳህን መድኃኒት እንዳለው ካወቅኩ፣ ሳላስበው የተጠራጠርኩትን ሁሉ ወደ ተስፋዬ አመዝናለሁ። ባልደረባዬ ሳህኖቹን በምልክት ብቻ እንድትሰጠኝ፣ የምልክቱንም ፍቺ ቆጥሬ እስክጨርስ እንዳትነግረኝ ተስማማን። በዚህ መንገድ ስቆጥር በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት ጠበበ፤ አልጠፋም ግን፤ የቀረውን ያለ ሥጋት አምነዋለሁ።

ያን የተረሳ ናሙና ሳስብ እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬይሊም ትዝ ይለኛል። ከአየር ያገኘው ናይትሮጅን ከአሞኒያ ካገኘው በሺህ አንድ ያህል ከብዶ ሲያገኘው፣ ልዩነቱን ለመደበቅ ወይም በአማካይ ለማጥፋት አልሞከረም። ከአሞኒያ በተገኘው ውስጥ ከአየር የመጣ ናይትሮጅን ተቀላቅሎበት ስለነበር በአየር ፈንታ ንጹሕ ኦክስጅን ተጠቀመ፤ ልዩነቱም ወደ ግማሽ በመቶ አደገ። እ.ኤ.አ. በ1894 እሱና ዊሊያም ራምዚ አየር ውስጥ ሳይታወቅ የኖረውን ከናይትሮጅን የሚከብድ ጋዝ፣ አርጎንን፣ ይፋ ያደረጉት ከዚያች ልዩነት ተነሥተው ነው። አንድ ነገር ሲያሳስበኝ ትንሽ የማደርገው ሳይሆን የማጎላው እንዴት ነው የሚለውን መጠየቅ የተማርኩት ከእሱ ነው፤ ማሞቂያውን ለአንድ ሰከንድ ማብራትም የዚሁ ልጅ ነው።

አሁን በየትኛውም ቤተ ሙከራ ሥራ ስጀምር ምንም ያልተጨመረባቸውን ናሙናዎች አብዝቼ አዘጋጅና በመጀመሪያ፣ በመሃልና በመጨረሻ እለካቸዋለሁ፤ በመካከል ያሉት ተራቸውን በዕጣ ያገኛሉ። በያዝኩት የሙጫ ጥናት ላይ የጠዋቱ ማነጻጸሪያ ከማታው ትንሽ ከፍ እያለ ለአራት ቀን ተከታትሏል። የጫና መለኪያው ከተከፈተ በኋላ እስኪረጋጋ ጊዜ እንደሚፈልግ ጠርጥሬ፣ ነገ ማሽኑን ናሙና ሳይገባበት ለ2 ሰዓት ከፍቼ ዜሮው እንዴት እንደሚሄድ እየመዘገብኩ እቀመጣለሁ።